ሰው እንዲሸሽ ጥሩምባ ነፋሁ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ አንድ ጋቢና አንድ ንግግር ሸለመኝ። ጋቢው ደህና ነው፤ ይሞቃል። ንግግሩን ያደረገው ወጣት ኃላፊ ደግሞ «የሥራ ላይ ደኅንነት የሚባለውን ሙያ ገና ስም ሳይወጣለት የጀመሩት አባታችን» እያለ ሰማይ አደረሰኝና፣ ሲያበቃ ጠጋ ብሎ፣ «ለመሆኑ አባባ፣ የት ነው የተማሩት?» አለኝ።

«ደብረ ታቦር፣ ከቋጥኝ ሥር።»

ቀልድ መሰለውና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ አለቃ ሲስቅ አብሮ መሳቅን ከሙያው በፊት ነው የተማርኩት። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ልጁ እውነቱን ቢያውቅ አይጎዳም ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

በኋላ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ። እብናት ወፍጮ ቤት፣ የሴቶቹ ነጠላ በሚሽከረከረው ጠፍር እንዳይያዝ ስከላከል ከርሜያለሁ። ባለወፍጮውን ጠፍሩን በእንጨት ከልለው ብለው «ለእንጨት የሚሆን የለኝም» አለኝ፤ የራሱን ኩታ ጠፍሩ ገፎት እርቃኑን ቤቱ የገባ ዕለት ግን እንጨቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሳይመሽ ታጠረ። ሐሙሲት አጠገብ መሠረት ሲቆፈር፣ ጉድጓዱ ሊናድ ነው ሰው አውጡ ስል አለቃዬ «ፈሪ» አለኝ። ሰዎቹ ወጡ፤ ጉድጓዱም ባዶውን ተናደ። ከዚያ ወዲህ ፈሪ ሲለኝ በአክብሮት ነበር። ደመወዙን አታንሱብኝ። ሥራውን ግን ወደድኩት፤ የወደድኩበትን ዕለትም አስታውሳለሁ።

በጣልያን ጊዜ ሲራራ ነጋዴ ነበርኩ። ጨውና በርበሬ ጭኜ ወደ ቆላው እወርዳለሁ፣ እህል ጭኜ ወደ ደጋው እመለሳለሁ። ጣልያን ደብረ ታቦር ሲሰፍር በቅሎዎቼን ለስንቅ ማጓጓዣ ነዳቸው። ቦራ የምትባለውን አሮጊቷን ብቻ፣ አፏን ከፍተው ጥርሷን አይተው ተዉልኝ። በቅሎ የሌለው ነጋዴ ወሬ ብቻ ነው የሚያጓጉዘው፤ ወሬ ደግሞ ያን ጊዜ ያስገድላል። ከከተማው ቁልቁል የመኪና መንገድ ይቆረጥ ስለነበር፣ ሥራ አለ ሲባል ሄድኩ። ለጠላት ሠርተሃል የሚሉኝ አሉ። ይህን ለመንገር የሚመጡትም በዚያው መንገድ ነው።

ሥራ ፈላጊው ብዙ ነበር። ፀሐዩ ያነድዳል። ድንጋይ የሚፈለጥበት ገደል ሥር አንድ ትልቅ ቋጥኝ ጥላውን ጥሏል፤ ሰው ሁሉ እዚያ ጥላ ውስጥ ተኮልኩሎ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። እኔ ፀሐዩ ላይ ቆምኩ። አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት የጎደላቸው፣ ከሩቅ ሲያዩኝ ቆዩና መጡ።

«አንተ፣ ለምን ጥላው አትገባም? ፀሐዩን ወደድከው?»

«ኧረ ምኑን!»

«ታዲያ?»

«ከላዬ ያለውን ጭነት ማን እንዳሰረው አላውቅም።»

ቀና ብለው ቋጥኙን አዩ። ከዚያ የያዙትን ዲጂኖ አንስተው ድንጋዩን ቆረቆሩት። አንዱ ጋ ሲመቱት እንደ ደወል ጮኸ። ከፍ ብለው ሌላ ቦታ ሲመቱት ግን እንደ ባዶ ጎታ «ዱብ» አለ። «ውጡ!» አሉ፤ ሰዎቹ እያጉረመረሙ ወጡ። ሽማግሌው ከጎን ወጥተው ዲጂኖውን ስንጥቁ ውስጥ አስገቡና ፈለቀቁት። በሬ የሚያህል ድንጋይ ሰዎቹ ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ ላይ ወደቀ። አንዱ ስንቁን ረስቶ ነበርና ስልቻው እዚያው ቀረ።

«ሥራህ ምን ነበር?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ ምንም እንዳልሆነ።

«ንግድ።»

«ጭነት ተንዶብህ ያውቃል?»

«አንዴ፣ እግሬ ላይ።»

«ጥሩ። ያልተናደበትን ሰው ማስተማር ይደክመኛል። ከእኔ ጋር ትሠራለህ።»

የድማሚቱ ኃላፊ አቦይ እድሪስ እኚህ ነበሩ። አቦይ በአገራቸው ቋንቋ አባት ማለት ነው። ከምጽዋ በኩል መጥተው፣ ጣልያንኛም አማርኛም እየተናገሩ፣ ለካፒቴኑ ድንጋይ ያፈነዱለታል። መንገዱን የሚያሠራው ካፒቴን ችኩል ሰው ነበር፤ አቦይ እድሪስ ደግሞ በሕይወታቸው የቸኮሉት አንዴ ብቻ እንደሆነና ያም ሁለት ጣት እንዳስከፈላቸው ይናገራሉ።

ድማሚቱንና ማቀጣጠያውን አንድ ሰው አንድ ላይ ይዞ እንዲሄድ አይፈቅዱም ነበር። «ባልና ሚስት አይደሉም፣ ምን አብሮ አስኬዳቸው?» ይላሉ። መሮ ይዘው ድንጋይ የሚበሱት ልጆች ቀዳዳው ውስጥ ውኃ ጠብ ሳያደርጉ አንዴ እንኳ መዶሻ ካነሱ ይቆጣሉ፤ ደረቅ ድንጋይ ሲበሳ ዱቄቱ ደረት ውስጥ ገብቶ እንደሚቀር ያውቃሉ። ወንድማቸው የሞተው በዚያ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ገደሉን እያንኳኩ ያዳምጣሉ። እኔንም ዓይኔን አስጨፍነው ያስደምጡኝ ነበር። «ይሄስ?» «ደኅና ነው።» «ይሄስ?» «ባዶ ነው።» «ባዶ አይባልም፣ ‹ይጠብቃል› ነው የሚባል።»

ከሁሉ የሚገርመኝ ፍንዳታው ካለፈ በኋላ የሚያደርጉት ነበር። ሁሉም ሰው ድንጋዩ ምን እንደሆነ ለማየት ይሮጣል። እሳቸው ምንጣፋቸውን አንጥፈው፣ ተረጋግተው ይሰግዳሉ። ሰግደው ሳይጨርሱ ወደ ገደሉ እግሩን ያነሳ ሰው በማግስቱ ሥራ የለውም። «ድንጋዩ ንግግሩን አልጨረሰም፤ ምን አቋረጥከው?» ይሉታል። የዘገየ ድማሚት እንዳለና ቆይቶ እንደሚፈነዳ የተረዳሁት በኋላ ነው። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ፣ እሳቸው ሲሰግዱ አቡነ ዘበሰማያትን ደጋግሜ እል ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ የጸለይኩበት ጊዜ የለም።

የእኔ ሥራ ሰው ማራቅ ነበር። ከገደሉ ሥር እርሻ አለ፤ እርሻውን አቋርጦ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ የሚወጣ ቀጭን መንገድ ያልፋል፤ ከጉብታው ማዶ ወይራ አምባ የምትባል መንደር አለች። ድንጋይ ቢፈናጠር እርሻውና መንገዱ ላይ ይወድቃል፤ ጉብታው ግን ቤቶቹን ይከልላቸዋል። ሰው ቤቱ ከገባ ተረፈ ማለት ነው። ካፒቴኑ ለማስጠንቀቂያ ይሁንህ ብሎ የሚያብረቀርቅ የወታደር ጥሩምባ ሰጠኝ።

ነፋሁት። ያለ ጉራ፣ ጥሩ አድርጌ ነፋሁት።

ወይራ አምባ ግልብጥ ብሎ መጣ። ወንዱ ጦርና ዱላ ይዞ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ቁልቁል ቤቱን ትቶ ሽቅብ ወደ እኔ። በእኛ አገር ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ወይ ከብት ሲዘረፍ ነው፤ የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይደርሳል። ካፒቴኑ በአገሩ ይህን ከየት ያውቃል? እኔ ግን ደመወዝ የሚባል ነገር አፍዞኝ ረስቼው ነበር። አቦይ እድሪስ ሕዝቡን ከሩቅ አይተው እሳቱን ሳይለኩሱ ቆሙ።

«ማን ነው የሞተው?» አሉኝ ከፊት የደረሱት ሽማግሌ፣ አያ መንገሻ፣ እያለከለኩ።

«ኧረ ማንም አልሞተም!»

«ታዲያ ምን ያስነፋሃል?»

«እንዳትመጡ ነው የነፋሁት!»

አያ መንገሻ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሰማችሁ? እንዳትመጡ ብሎ ነው የጠራን! ነግዶ ነግዶ የሚሸጠው ቢያልቅበት ሞታችንን ሊሸጥልን መጣ!» ሴቶቹ ነጠላቸውን እያቀኑ፣ ለከንቱ የወጣውን እንባ እየጠረጉ ተመለሱ።

በማግስቱ ቤት ለቤት ዞርኩ። ጥሩምባው ሲነፋ እሳት ይለኮሳል ማለት ነው፣ ከቤታችሁ አትውጡ አልኩ። ሁሉም እሺ አለ። ጠላ እንኳ ቀድተውልኛል። አያ መንገሻም «እሺ፣ ገብቶኛል» አሉኝ። ነገሩ አለቀ ብዬ ተመለስኩ።

አላለቀም። ቀጥሎ ስነፋ ከመንደሩ ማንም አልወጣም። አቦይ እድሪስም አይተው ለኮሱ፤ የማቀጣጠያው ክር ጭስ እያወጣ መሄድ ጀመረ። ያኔ ከሩቁ እርሻ አንድ ሰው ዱላውን ይዞ ሲሮጥ አየሁ። ጮህኩ። አያ መንገሻ ነበሩ፤ ጩኸቴን ሲሰሙ ይባስ ፈጠኑ። እጄን አወናጨፍኩ፤ ና ያልኳቸው መሰላቸው። ገደሉ ተናግቶ ድንጋዩ ሰማይ ላይ ወጣ፤ ሲወርድ አያ መንገሻን ጭናቸው ላይ አገኛቸው።

አቦይ እድሪስ ያን ቀን አልሰገዱም። ከእኔ እኩል ሮጡ።

«አያ መንገሻ፣ እንዳይመጡ ነግሬዎት አልነበር?» አልኩ ደሙን በኩታዬ እያሰርኩ።

«ነግረኸኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

«ምናልባት የእውነት የሞተ ቢኖርስ?» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። «ጥሩምባ ሰምቶ የቀረ ሰው፣ እሱ ሲሞት ማን ይወጣለታል? አንተ ልትቀብረኝ ነው?»

ወጌሻው እግራቸውን መለሰው፤ ግን አጥሮ ቀረ። እኔ ተመልሼ እየተናደድኩ፣ «ነግሬያቸው! ደጋግሜ ነግሬያቸው!» ስል አቦይ እድሪስ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ሰውየው አላጠፉም» አሉኝ። «ጥሩምባው ጠራቸው፣ መጡ። ጥሪው ነው የተበላሸው። የተጎዳን ሰው ከመክሰስህ በፊት ምልክትህን ክሰስ።» ያች ንግግር ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ሁሉ ሠርታልኛለች።

ከዚያ ካፒቴኑ መጣ። በፊት ጦር የያዘ ሕዝብ ሽቅብ ሲመጣ ከጥበቃው ኬላ አይቷል፤ አሁን ደግሞ ዱላ የያዘ ሰው። አርበኞች በየጫካው ያሉበት ጊዜ ነው። አቦይ እድሪስ እየሰሙ ወደ አማርኛ መለሱልኝ።

«ቅዳሜ ትልቁ ቋጥኝ ይፈርሳል ይላል። ጥሩምባ ሲነፋ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ሽፍታ ነው ብሎ መትረየሱን ያስተኩሳል።»

«ቅዳሜ እኮ ገበያ ነው! ሰው መንገዱን ሞልቶት ነው የሚውለው!»

ነገሩት። ካፒቴኑ ትከሻውን ሰበቀ።

አቦይ እድሪስ ዲጂኖውን መሬት ላይ አስቀመጡ። በጣልያንኛ ቀስ ብለው ተናገሩት፤ በኋላ ለእኔም ደገሙልኝ። «ሰው ካልራቀ አልለኩስም አልኩት። ሌላ ያለኩሳል አለኝ። ማን? አልኩት።» ካፒቴኑ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። ሁሉም የአቦይ እድሪስን ግራ እጅ አይተው መሬት መሬቱን አዩ። ካፒቴኑ እስከ ቅዳሜ ብሎ ሄደ።

«እንግዲህ ነጋዴው» አሉኝ አቦይ እድሪስ፣ «ሰውን የሚያመጣ ነገር አወቅን። ሰውን ወደ ቤቱ የሚያስገባ ነገር ፈልግ። ካላገኘህ የእኔም የአንተም ሥራ አለቀ፤ የእነዚያ ሰዎች ደግሞ ነፍስ።»

አላገኘሁም። ዓርብ ጠዋት፣ ቢያንስ አያ መንገሻን ልጠይቅ ብዬ በቦራ ማር ጭኜ ወደ ወይራ አምባ ወረድኩ። እንደ ልማዷ አንገቷ ላይ ቃጭሏ አለ። ገና ጉብታው ላይ ስደርስ አንድ ገበሬ ሞፈሩን እርሻው ላይ ጥሎ ወደ ቤቱ ሲሮጥ አየሁ። ከምንጭ የምትመለስ ሴት እንስራዋን እንዳዘለች ገሰገሰች። ልጆች በጎቹን እየነዱ ግቢ ገቡ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ፤ ማንም የለም። ስደርስ የአያ መንገሻ ባለቤት፣ እትዬ ጥሩወርቅ፣ የገብስ ክምራቸው ጎን ቆመው ዱላ ይዘዋል።

«በል በቅሎህን ሰብስብ! ዘንድሮ አንዲት ዘለላ አትነካም!»

መንገድ ላይ ቆሜ ሳቄን ለቀቅኩት። ይህን የረሳሁት ነጋዴ ስለሆንኩ ነው፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሲራራ ባለፈበት መንደር ክምር ይጎድላል። በቅሎዎቹ ይበላሉ፣ ነጋዴውም ለመንገድ ትንሽ ትንሽ ያነሳል፤ «በቅሎዋ ናት» ይላል። ስለዚህ የቃጭል ድምፅ ሲሰማ በደጋው ያለ ገበሬ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ክምሩን ሊጠብቅ ወደ ቤቱ ይሮጣል። የነጋዴ መጥፎ ስም ሰው ሊያድን ይችላል ብሎ ማን ያስባል?

ገብቼ ለአያ መንገሻ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መትረየሱንም ጭምር። «ነገ ቃጭል ይዤ እመጣለሁ። ንግድ አይደለም፣ የእሳት ምልክት ነው። ንገሩልኝ።»

እግራቸውን በሁለት እጃቸው አስተካክለው ሳቁ። «ብነግራቸውም ባልነግራቸውም ክምራቸውን ላንተ አይተዉልህም፤ እሱን አታስብ። ለገበያተኛው ነው እንጂ።»

ለገበያተኛውም ዘዴ አልጠፋም። በቅሏቸው ተነድቶ ሥራ የፈቱ ሁለት የጥንት ባልንጀሮች ነበሩኝ። ከየትም ብለው አህያ ተዋሱ፤ በቀጭኑ መንገድ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ አህያቸውን አግድም አቁመው ጭነት የሚያጠብቁ መስለው ቆሙ። ጭነት የሚያጠብቅ ነጋዴ መንገድ ሲዘጋ ሰው ይሳደባል እንጂ ዘሎ አያልፍም። ያንን ስድብ ለመሸከም ከተስማሙልኝ የሥራ ባልደረቦቼ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው።

ቅዳሜ ካፒቴኑ ኬላው ላይ መነጽሩን ይዞ ቆመ። መትረየሱ ተገልጧል፤ ተኳሹ በሆዱ ተኝቶ ተዘጋጅቷል። እኔ ከመላው ነጋዴ የሰበሰብኩትን ቃጭል ሁሉ በቦራ አንገት ላይ ደርድሬያለሁ፤ አሮጊቷ አንዲት ሆና መቶ በቅሎ መሰለች። ከገደሉ ሥር ተነስተን በእርሻው መሐል ቁልቁል ወረድን፤ «ዘወር! ዘወር! ጭነት ነው!» እያልኩ፣ ድምፄ እስኪዘጋ። ከፊታችን እርሻው ባዶ እየሆነ ሄደ። አራሹ ገባ፣ እረኛው ገባ፣ ሣር የሚያጭደው ገባ። ጉብታውን ተሻግሬ ቦራን አሰርኩና ኩታዬን ከፍ አድርጌ ለአቦይ እድሪስ አሳየኋቸው። እሳቸውም ከላይ ሆነው መንገዱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ አዩ። ከዚያ ለኮሱና ሳይሮጡ ሄዱ።

ቋጥኙ ሲፈርስ ደብረ ታቦር ድረስ ተሰማ ይባላል። ድንጋዩ በእርሻው ላይ እንደ በረዶ ዘነበ፤ መንገዱን ቀጠቀጠው። ከጉብታው ማዶ ግን አንዲት ጠጠር አልደረሰችም። አቦይ እድሪስ ምንጣፋቸውን አነጠፉ። ሰገዱ። ሕዝቡም፣ ወታደሩም፣ መትረየሱም እሳቸውን ጠበቁ። ምንጣፉን ሲያጥፉ ሽቅብ ወጣሁ።

ካፒቴኑ በመነጽሩ ወደ ወይራ አምባ እያየ ነበር። አንዳች ነገር ተናገረ። አቦይ እድሪስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሁሉም ዱላ ይዘው በየደጃቸው ቆመዋል ይላል። ምን ሊያደርጉ ነው? ይልሃል።»

«ገብሳቸውን ከእኔ እየጠበቁ ነው በሉት።»

አቦይ እድሪስ ሳቁ። እስከዚያ ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። እየሳቁ ለካፒቴኑ ነገሩት፤ እሱ ግራ ገብቶት እኔን አየ፣ መንደሩን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። በመጨረሻ ለተኳሹ በእጁ ምልክት ሰጠው፤ መትረየሱ ሸራውን ለበሰ።

ቦራን ላመጣ ስወርድ አያ መንገሻ ከደጃቸው በምርኩዝ ቆመው ጠበቁኝ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ከየክምራቸው ጎን ሙሉ አካላቸውን ይዘው ቆመዋል። አያ መንገሻ ምርኩዛቸውን አነሱብኝ።

«አንተ ሌባ! ያችን ጥርስ የሌላት በቅሎህን ከገብሴ አርቃት! ዞር በል ከዚህ!»

በሥራዬ ዘመን ሁሉ ብዙ ምስጋና ደርሶኛል፤ እንደዚያ ያማረ ግን አንድም አልነበረም። ኩታዬን አገልድሜ እጅ ነሳሁና ቦራን ይዤ ሄድኩ።